የተነቀለው ሶኬት

የሊፍት ጠጋኙን ሰፈሩ የሚያውቀው «ፊውዝ» በሚል ስም ነው። ሰው ሁሉ ከሙያው የመጣ ይመስለዋል እንጂ ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት። «ትንሽ ነገር ሲበዛበት ጧ ይልና ቤቱን ያጨልመዋል» ትላለች። ዕድሜውን የገፋው በረጃጅም ሕንጻዎች ሆድ ውስጥ፣ በግራሶና በብረት ገመድ መሀል፣ ሽቅብ እንዳንጋጠጠ ነው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣራ የሚመልስለት የራሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ ከሥራ ሲገባ ከማያውቀው ሰው ጋር በአየር ላይ ማውራት ነፍሱ የሆነው።

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል። አንዲት ትንሽ ዘመናዊ መሣሪያም ነበረችው። ልቡ ግን ያለው የድሮዎቹ ላይ ነበር፤ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማይነሱት፣ ሲበሩ በውስጣቸው ያሉት የመስታወት ቫልቮች ቀስ እያሉ እንደ ፍም የሚቀሉት፣ ድምፃቸው ከሰው ደረት የሚወጣ የሚመስለው።

ይህን አመሉን የሚያውቅ የአንድ ሕንጻ ዘበኛ አንድ ቀን ጠራው።

«ስማ፣ እኛ ሰፈር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ አለች። ባሏ የፊዚክስ መምህር ነበር። ያንተን ዓይነት ብረት ትቶላት ነው የሞተው። ልትሸጠው ትፈልጋለች አሉ። ግን…»

«ግን ምን?»

«ሰውየውን የገደለው እሱ ነው።»

ፊውዝ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ዕቃ እጁ ሳይገባ እንቅልፍ እንደማይወስደው ያውቃል።

በሩን የከፈቱለት የመምህሩ ባለቤት ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። የጓሮዋን ክፍል ቁልፍ ከብዙ ትግል በኋላ አዙረው ከፈቱና ራሳቸው ደፉ ላይ ቀሩ።

«ግባና እይ ልጄ። እኔ አልገባም።»

ክፍሏ አቧራና የአይጥ ሽታ ታፍኖባታል። ጠረጴዛው ላይ የሬዲዮ ማሰራጫው ክዳኑ ተነስቶ፣ አንጀቱ ተዘርግፎ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ የካርቶን ሣጥን አለ፤ በውስጡ ቫልቮቹ አንድ በአንድ በጋዜጣ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ፊውዝ መምህሩ ሊያጸዷቸው ያወጧቸው መስሎት አለፋቸው።

«ክዳኑን ማን ከፈተው እትዬ?»

«እሱ ራሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም።» ሴትዮዋ እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳረፉ። «ወሬውን ሳትሰማ አትቀርም። ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ ሰው ተሳስቶ ሽቦ ይነካል ወይ ይላሉ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት እዚህ ይገባል፣ ማታ ይወጣል። ከዓለም ጋር ሲያወራ ውሎ እኔ ጋ ሲደርስ ቃል ያልቅበታል። ያን ዕለት መረረኝና ‹ወይ እኔን ወይ እሱን ምረጥ› ብዬው ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት።»

ፊውዝ ዐይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

«ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቆ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «ያየሁትን ብናገር ማን ይመነኝ! ‹ሶኬቱ ከተነቀለ ታዲያ በምን ሞተ? ራሱን ማጥፋቱን ልትሸፍኚ የነቀልሽው አንቺ ነሽ› አሉኝ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ እሷም ይህንኑ ብላኝ ወጣች። እዚሁ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም።»

«እርስዎስ? እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔማ የማውቀው ሶኬቱን አለመንካቴን ነው። ሌላውን… በእልህ ሞተብኝ እላለሁ። ምን ልበል?»

ፊውዝ ዋጋ ሳይከራከር ገዛና ከዘበኛው ጋር ተሸክመው አወጡት። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«የሰው ነፍስ የበላ ዕቃ ቤቴ አይገባም!»

«ዕቃ ቤት አስቀምጠዋለሁ።»

«ዕቃ ቤቱ የማን ሆኖ ነው?»

ተጨቃጨቁ፣ እንደተለመደው ፊውዙ ጧ አለ፣ ቤቱ አንድ ቀን ጨለመ፤ ማሰራጫው ግን ዕቃ ቤቱ ገባ።

የእረፍት ቀኖቹን ሁሉ እዚያው አሳለፈ። የአይጡን ጎጆ ጠርጎ አወጣ። ልባሳቸው የተሰነጣጠቀ ሽቦዎችን እየቆረጠ በአዲስ ቀየረ። የደረቁትን ካፓሲተሮች፣ ኃይል አጠራቃሚዎቹን፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እየለመነ፣ ከተሰበሩ ቴሌቪዥኖች እየነቀለ ተካ። የዛጉትን መገናኛዎች በአልኮል እያሸ አበራ። ሚስቱ መጀመሪያ ዕቃ ቤቱን በሩቁ ትዞረው ነበር፤ ኋላ ምግቡን እዚያ ማድረስ ጀመረች፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ባትሪ ይዛ ታበራለት ገባች። እያበራችለት ሳለች ነው አንድ ቀን እጁ ቀጥ ያለው።

«ምነው?»

ከትልልቆቹ ካፓሲተሮች ሥር ጣት የምታክል አንዲት ሬዚስተር አለች። ቴስተሩን ቢያስነካት መርፌው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ አስነካት። ወገቧ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየው። ተቃጥላ ሁለት ሆናለች።

«የዚች ሥራ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላት። «ማሰራጫው ሲጠፋ እነዚህ ውስጥ የሚቀረውን ኃይል የምታፈስሰው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ሶኬቱን ብትነቅይውም ኃይሉ ውስጡ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። የታሰረ ውሻ ነው ብለሽ ስትጠጊው ገመዱ ተበጥሶ እንደማግኘት ነው።»

ሚስቱ ባትሪውን ዝቅ አደረገችው። «እና መምህሩ…»

«ነቅለውት ነበር። ራሳቸው ነቅለውት ነበር! ሊሞት የፈለገ ሰው ምን ብሎ ሶኬት ይነቅላል?»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ተነስና ንገራቸው እንጂ!»

ሴትዮዋ ሦስቴ አስደገሙት። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሁለተኛ አላመኑትም፤ በሦስተኛው በቆሙበት ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«አልዋሸሁም» አሉ። «አልዋሸሁም እኮ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለሱ ሳይሆን ለክፍሏ እንደሚናገሩ፣ «እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሙት ስወቅስ ኖሬያለሁ። ፎቶውን እንኳ ከግድግዳ አውርጄ» አሉ።

ፊውዝ ከዚያ በቀጥታ የሄደው ፋርማሲው ነው። ሬዚስተሯን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረና ለልጅቱ አስረዳት። መድኃኒት የሚጠብቁ ሰዎች ቆመው ነበር፤ እሷ ግን ረሳቻቸው። ያቺን የተቃጠለች ነገር መዳፏ ላይ እያገላበጠች ቆየች። በዚያው ሳምንት እናቷ ቤት ሄደች። ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። ጎረቤት ያየው የጓሮዋ ክፍል መስኮት መከፈቱን፣ ግድግዳዋ ቀለም መቀባቱን፣ ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ በዚያ በኩል ማለፍ መጀመሯን ነው። ፎቶውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማሰራጫው ያለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ፊውዝ ቫልቮቹን ከጋዜጣቸው ፈትቶ በየቦታቸው ሰካና አበራው። የጋለ አቧራ ሽታ ሸተተ፤ ቫልቮቹ ቀሉ። በየከሰዓቱ ሲጣራበት ሰንብቶ አንድ ቀን ከሩቅ አገር አንድ ወፍራም ድምፅ መለሰለት። ንብ አርቢ ነኝ አለ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለ ንብ አርቢው ትንሽ እንዳወሩ። «ከድምፅህ ሥር የሚያጉረመርመውን ነገር አውቀዋለሁ። ይህ የመምህሩ ማሰራጫ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ከባለቤታቸው ነው የገዛሁት። እሳቸው አርፈዋል።»

አየሩ ላይ ሽሽ የሚለው የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ቀረ። ፊውዝ ሰውየው የሄደ መስሎት ነበር።

«መቼ?» አለ በመጨረሻ ንብ አርቢው። ፊውዝ ነገረው። «እንዴት ይሆናል! ያን ዕለት ጠዋት እኮ አውርቶኛል። ‹የመጨረሻችን ነው› አለኝ። ‹ባለቤቴ እውነቷን ነው፤ ከሰው ሁሉ ጋር ሳወራ ከሷ ጋር ማውራት ረሳሁ። ዛሬ ፈታትቼ ለትምህርት ቤት እሰጠዋለሁ› አለ። ከዚያ ወዲህ ስላልሰማሁት ቃሉን ጠበቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የኖርኩት።»

ፊውዝ ማይክሮፎኑን አስቀመጠ። ቫልቮቹ በጋዜጣ የተጠቀለሉት ለጉዞ ነበር። መምህሩ መርጠው ነበር።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ይህን ለማንም እንዳትተነፍስ።»

«ለምን? ሚስታቸውን እንደሚወዱ ነው እኮ የሚያሳየው!»

«ያቺ ሴት ‹ምረጥ› ባትለው ኖሮ ባሏ ክዳኑን አይከፍተውም ነበር። ይህ አይታይህም? እውነትም እንደ መድኃኒት ልክ አለው። ተወው!»

ለመተው ሞከረ። ግን አንድ ከሰዓት ልጅቱ የአባቷን መሣሪያ ልትሰማ መጣች። ቫልቮቹ ሲቀሉ እያየች ፈገግ አለች፤ ከዚያ ማሰራጫውን በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች። «ያን ቀን ጠዋት ሲያወራበት ሰምቻለሁ፤ ደህና ይሠራ ነበር። አባዬ ለምን ከፈተው?»

ሊጠግን ነው ቢላት ያልቅ ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር እንኳ። ነገር ግን ይህች ልጅ አባቷ ያለ ፍቅር እንዳልሞተ ብታውቅ የምትጽናና መሰለውና ሁሉንም ነገራት።

ጨርሶ ቀና ሲል ፊቷ አመድ መስሏል።

«ለሷ ብሎ ነው ማለት ነው» አለች።

«አይ፣ እንደሱ አይደለም ልጄ…»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እናቷ ቤት ገብታ ያለችውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ በሩ ክፍት ነበርና። «ራሱን አጥፍቶ አይደለም፣ ተሳስቶም አይደለም፣ አንቺን ሲታዘዝ ነው የሞተው!» አለቻቸው። ልጅቱ ያን ቀን ወጥታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የፊውዝን ቤት ደጅ አንኳኩ። ሊወቅሱት የመጡ መስሎት እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ያን ጠዋት ከባሌ ጋር ያወራውን ሰው ልሰማው» አሉ።

ሚስቱ ወንበር አመጣችላቸው። ከማሰራጫው ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀመጡ። ንብ አርቢው በተለመደው ሰዓቱ መጣ። ፊውዝ እየተንተባተበ ማን እንዳሉ ነገረውና ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጋላቸው።

«እኔ ሚስቱ ነኝ» አሉ ሴትዮዋ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ጠዋት ሲያወራህ ተናዶ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ እናቴ!» አለ የንብ አርቢው ድምፅ፤ ሊያጽናናቸው እንደቸኮለ ያስታውቃል። «ይስቅ ነበር እንጂ። ‹ገበያ ሄዳለች፤ ሳትመለስ ጨርሼ ጠረጴዛውን ባዶ ላሳያት› አለኝ። እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለው።»

ፊውዝ ዐይኑን ጨፈነ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ላይ እጁን ከመስደዱ በፊት ማንም የሬዲዮ ሰው በካቻቢቴ ነካክቶ ባዶ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ያቺ ሬዚስተር ሠራችም አልሠራች፣ ያቺ ትንሽ ጥንቃቄ ታድን ነበር። መምህሩ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

ሴትዮዋ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ግን የሚያውቁትን ያውቃሉ።

«ቸኩሎ ነበር» አሉ። «እኔ ሳልመጣ ለመጨረስ ቸኩሎ ነበር።»

ከሽሽታው ውስጥ ንብ አርቢው «ሰሙኝ ወይ እናቴ? ሰሙኝ ወይ?» ይላል። ሴትዮዋ ተነስተው ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱት፤ ሚስቱን አመስግነው፣ እንሸኝዎት ቢሏቸው እምቢ ብለው ወጡ።

ብዙም አልቆዩም። ክረምቱ ሲገባ ሳል ያዛቸው፤ መድኃኒት አልወስድም አሉ፤ ጎረቤት አስታመማቸው። ልጅቱ ወሬው ደርሷት ስትመጣ ምላሳቸው ታስሮ ነበር። እጃቸውን ይዛ ሁለት ቀን ተቀመጠች። ያወቋት ይሁን አይሁን ማንም እርግጠኛ አይደለም። ቀብሩ ላይ ፊውዝ ሊያጽናናት ጠጋ ሲል አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታውን ተቀበለች፤ እጇን ግን አልሰጠችውም። ቤቱን ሸጣ ሌላ ከተማ ሄደች ይባላል።

ፊውዝ ማሰራጫውን ሊሰባብረው ተነስቶ ነበር። የያዘችው ሚስቱ ናት። «ብረቱ ምን አጠፋ?» አለችው። መምህሩ ሊሰጡት ወዳሰቡት ትምህርት ቤት ወስዶ ሰጠው፤ አዲስ ሬዚስተር እንዳለው፣ ሆኖም ከመንካታቸው በፊት እንዲፈትሹ ለመምህራኑ ደጋግሞ አሳስቦ።

አሁን የሚያወራው በትንሿ መሣሪያ ነው፤ ያውም አልፎ አልፎ። በአንዱ ከሰዓት ንብ አርቢው አገኘው። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ቀፎውን ስላስቸገረው ጉንዳን አወሩ።

«እኚያ እናትስ እንዴት ናቸው?» አለ ንብ አርቢው። «ያን ቀን ያልኳቸው ነገር ትንሽ ያጽናናቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።»

ፊውዝ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ዘወር አለ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ደህና ናቸው» አለ። «አጽናንቷቸዋል።»

«እሰይ! ሰላም በልልኝ።»

«እሺ» አለ ፊውዝ፣ «እላቸዋለሁ።»