ባልዲ ይዞ አየር የሚሆነው ሰውዬ

ሠራተኞቹ «ንፋሱ» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ እያጠፈ ለሕንፃ ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚያደርስ የአየር ቱቦ ሲሠራ ኖሯል፤ ሚስቱ እንደምትለው ግን የገዛ ቤቱን በር እንኳ ከሲጥሲጥታ አልገላገለም።

ቆርቆሮ ከመቁረጡ በፊት አንድ ልማድ አለው። ባልዲ ውኃ ጢም አድርጎ ይሞላና ቱቦው ሊያልፍበት በታሰበው መንገድ ፈጠን ፈጠን ብሎ ይሄዳል። በየመታጠፊያው የሚፈሰው ውኃ አየሩ የት የት እንደሚደክም ይነግረዋል።

ይህን ልማዱን የዘለለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ክሊኒክ ሲሠሩ። ንፋሱ መታጠፊያ መሥራት ነፍሱ ነው። ፕላኑ ላይ ስድስት መታጠፊያ የሚያስገባ መንገድ ሲያይ ጎመጀ፤ ባልዲውንም ረስቶ ሳምንት ሙሉ ስድስቱን ሲቀጠቅጥ ሰነበተ። ኮርኒሱ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ግን ባልዲው ትዝ አለው። የመጨረሻው ክፍል አራስ ሕፃናት የሚተኙበት ነው፤ ሙቀት ካልደረሰው ጉድ ይፈላል። ባልዲውን ሞልቶ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ወለል እያጠቡ ነው?» አለች ወጣቷ መሐንዲስ።

«አየር ሆኛለሁ፣ አታናግሪኝ።»

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሱሪው ራሰ፤ ስድስተኛው ላይ ጫማው ውኃ ሞላ። የሕፃናቱ ክፍል ደርሶ ባልዲውን ሲያስቀምጥ ግማሽ ሆኗል። ዕቃ ስታስገባ የነበረችው አዋላጅ ነርስ አጎንብሳ አየች።

«ለልጆቹ የመጣው ሙቀት ይሄ ነው?»

«ከመንገድ የተረፈው ነው» አለ ጫማውን እያራገፈ።

መሐንዲሷ ፕላኑን ዘረጋች። «እኔማ በኮሪደሩ ቀጥ ብሎ ይሂድ ብዬ ነበር። ኮርኒሱ ዝቅ ይላል፣ ያስጠላል ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ንፋሱ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ዋሽቼሽ ነው ልጄ። መታጠፊያ አማረኝ።»

«ስንት ወርዎ ነው?» አለች አዋላጇ።

ባልዲውን እንደገና ሞልቶ በኮሪደሩ ሄደ። ሁለት ጊዜ ብቻ ታጠፈ፤ የፈሰሰው አንድ ብርጭቆ ቢሞላ ነው።

«እንግዲህ ኮርኒሱን ሦስት ቀን አቆዪልኝ» አላት መሐንዲሷን።

«አለቃ ለምን ቢለኝስ?»

ፕላኑ ተሳስቶ ነው በይው ሊል አፉን ከፈተ፤ የልጅቷ የመጀመሪያ ሕንፃ መሆኑ ትዝ አለውና ዘጋው። «እኔው እነግረዋለሁ» አለ፤ ሄዶም ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ነገረው። ሳቁ እስከ ግቢው በር ተሰማ። አራቱን መታጠፊያ በገዛ እጁ ፈታታቸው፤ እያንዳንዱን ሲፈታ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ፊቱን እያጨማደደ።

በአራተኛው ቀን ማሞቂያው ተከፈተ። አዋላጇ የሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆመችና ሹራቧን አወለቀች።

«ገና በግማሹ ነው የከፈትነው» አላት ንፋሱ፣ እየተንጎራደደ።