ሳንቃው ባዶ የሆነባት ጀልባ

ያን ዓመት ዝናቡ ረዝሞ፣ የላሙ ደሴት ቤቶች ግድግዳ ሁሉ ሻግቶ ነበር። ሬሃማ ቀኑን ሙሉ ውሃ ክፍል የቧንቧ ስሞታ ስትሰማ ትውልና ከሥራ መልስ ኮምፒውተሯ ላይ ጀልባ ትሠራለች። እንጨት ሳትነካ፣ ምስማር ሳትመታ። የመውሊድ ሰሞኑን የጀልባ እሽቅድምድም ጌም ላድርገው ብላ ከተነሳች አራት ዓመቷ። ሸራው ብቻ ሰባት ወር ፈጀባት፤ ነፋስ ሲገባበት እንደ ቆርቆሮ እየተገተረ። ድሮ ሴት ልጅ ስለ ሸራ ካወራች ጣት ይቀሰርባት ነበር፤ አሁን ጣቱ ቀርቶ ሳቁ ነው የተረፈው። «ሬሃማ፣ ዛሬስ ባሕሩን ቀድተሽ ጨረስሽ?» ይሏታል።

ሳቁ ግድ አልሰጣትም። ጉዳይዋ አባቷ ናቸው። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጡ፣ ስድስት መውሊድ አንደኛ የወጡ፣ አገር ሁሉ ናሆዛ፣ ማለት የጀልባ አለቃ፣ የሚላቸው ላሊ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የወደቡን ደረጃ እንኳ መውረድ አቅቷቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አላፊውን አህያ ይሰድባሉ። አንድ ጊዜ ባሕር ላይ ልታወጣቸው፣ አንድ ጊዜ «ደግ ሠርተሻል» ልትባል ነበር ያ ሁሉ ልፋት።

ሞምባሳ ያለች ጓደኛዋ ዓይን ላይ የሚጠለቀውን የጌም መነጽር ለሦስት ቀን አዋሰቻት። ዓርብ ከስግደት መልስ አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ አጠለቀችላቸው። የድሮ ባሕረኛቸው ኮምቦ ሊስቁ መጥተው በሩን ሞልተውታል።

ናሆዛ ላሊ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። እጃቸው መሪ ፈለገ። ወደ ሸራው ቀና አሉ፤ አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ሲሉ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች፣ ባባ?»

«ከጎን በወጣው ሳንቃ ላይ ተቀምጠው ጀልባዋን የሚያመዝኑት! ነፋሱ እንዲህ እየገፋ ሳንቃው ባዶ! እንዴት ነው ያልተገለበጥኩት?»

«እንዳትገለበጥ አድርጌያት ነው። ሰው መሥራት ከባድ ነው፣ ባባ፤ ለጊዜው...»

«ኮምቦ፣ ሰማሃት? ብቻዬን ባሕር ላከችኝ! ብቻውን ሸራ የሚዘረጋ ሌባ ነው!»

«ናሆዛ ሳሎን ውስጥ ሰጠሙ በሉኛ!» አሉ ኮምቦ እየሳቁ።

«አንተ ዝም በል! አንተም የለህበትም።»

የኮምቦ ሳቅ ደረቀ። «እኔ የለሁበትም? አንቺ ልጅ፣ ስድስቱንም መውሊድ ሳንቃው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጨው የጠጣው ማነው? ኮምፒውተርሽ?»

የሬሃማ ደም ፈላ። «አራት ዓመት ጎብጬ! አንድ ደግ ቃል ምን ያቅትዎታል? ደግሞስ ሽልማቱን ሲቀበሉ ብቻዎን አልነበር የሚቆሙት? ወደቡ ግድግዳ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? የአጎቴ የኮምቦ ነው?»

ኮምቦ ወደ መንገዱ ዞሩ። ናሆዛ ላሊ መነጽሩን አወለቁ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እኔ አልጻፍኩትም» አሉ። «ሲጽፉት ግን ዝም አልኩ። አንቺ ደግሞ ልትደግሚልኝ? ነፋስሽ ነፋስ ባይሆን እስቅና እተወው ነበር! እውነተኛ ስለሆነ ነው የሚያሳብደኝ። ጻፊ! ጫፉ ላይ ኮምቦ። ቀጥሎ ፋማው፣ አላህ ይማረውና። ስካንዳን ከፋማው አጠገብ እንዳታስቀምጪ፣ ይደባደባሉ።»

«አንዱን ሰው ብቻ ለመሥራት ስድስት ወር ይፈጃል!»

«እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ፍጠኚ።»

ሬሃማ ንዴቷ ሳይበርድ ኮምፒውተሩን ከፈተች። «አጎቴ ኮምቦ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ። እንደዚያ አይደለም! ሳንቃው ላይ እንደሚቀመጡት!»

ኮምቦ እያጉረመረሙ ሸሚዛቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ናሆዛ ላሊ ከወንበራቸው «ጉልበትህን አትጠፍ፣ አንተ ሰነፍ!» ብለው ጮኹባቸው።