ሁለቱ ለተብርሃኖች በአንድ መዝገብ

ከደሴ በወጣሁበት ማለዳ ጉሙ መናኸሪያውን ሞልቶት ስለነበር እናቴን በአውቶቡሱ መስኮት በደንብ እንኳ ሳላያት ተለያየን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቐለ ገባሁ። እዚያ ጉም ብሎ ነገር የለም፤ ንፋስ፣ አቧራና ወለል ያለ ሰማይ ነው። ሓወልቲ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ቀጥሮኝ ነው የሄድኩት፤ ከትግርኛ የማውቀው ሰላምታውን፣ «ከመይ»ን ብቻ ነበር።

አከራዬ አደይ ለተብርሃን ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ደሴ ውሃ አለ?» አሉኝ።

«ከሰማይም ከቧንቧም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ነገሩ የገባኝ ቧንቧው ሲደርቅ ነው። ለሰፈሩ ውሃ በቦቴ በየተራ ይመጣል፤ የተራ መመዝገቢያውን ፕሮግራም የሠራሁት ደግሞ እኔው ነኝ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ። የአደይ ተራ አልፎ ቦቴው ሳይመጣ አራት ቀን ሆነ። አብረን ወደ ውሃ ማደያው ሄድን።

ጸሐፊው ስክሪኑን አየና፣ «ለተብርሃን ገብሩ፤ ትናንት ወስደዋል» አለ።

«ጠብታ አልደረሰኝም!»

«ኮምፒዩተሩ ወስደዋል ይላል።»

«እንግዲያው የጠጣው እሱ ነው!»

ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢሮ ተመልሼ ኮዱን ከፈትኩ። ለካ በሰፈሩ ሁለት ለተብርሃን ገብሩ አሉ! ኦብጀክት በሚባለው የጃቫስክሪፕት መዝገብ ውስጥ ስምን መፈለጊያ ቁልፍ፣ ተራን በቁልፉ ሥር የሚቀመጥ ዋጋ አድርጌ ነበር፤ አንድ ቁልፍ አንድ ዋጋ ብቻ ስለሚይዝ ሁለተኛዋ ስትመዘገብ የአደይ ተራ ተሰረዘ። ቁልፉ ስም መሆኑ ቀርቶ የሰውየው ሙሉ መረጃ ይሁን ብዬ ሞከርኩ። ባሰ! ኦብጀክት ቁልፍን ወደ ጽሑፍ ስለሚቀይር፣ መረጃው ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሆነና ሰፈሩ በሙሉ አንድ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ።

የሥራ ባልደረባዬ ሃፍቶም ከጎኔ ሆኖ፣ «ማፕ የሚባለውን ሌላ መዝገብ ሞክሪ» አለኝ። «ማፕ የሰጠሽውን ቁልፍ አይለውጥም፤ እንዳለ ይይዘዋል።»

«ቁጥርም ቢሆን? ቀንም?»

«ፈንክሽን፣ ራሱ የኮድ ቁራጭም ቢሆን!»

ሁሉንም እየሰጠሁ ሞከርኩት፤ እውነትም ይቀበላል፤ ያስገባሁበትንም ቅደም ተከተል አያዛባም። የየሰዉን ሙሉ መረጃ ቁልፍ ሳደርገው ሁለቱ ለተብርሃኖች በየራሳቸው ቦታ ተቀመጡ። በማግስቱ ቦቴው ግቢያችን ደረሰ፤ አደይም «ያቺን ሞክሼዬን አሳዩኝ» ብለው ቤቷን አፈላልገው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ ያገኘችው ላጣችው ጀሪካን ትልካለች።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ አወራኋት። ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ከወሬው ሁሉ የያዘችው «ማፕ» የሚለውን ነው።

«እኔም ካርታዬን ዘርግቼዋለሁ» አለች። «ከደሴ መቐለ አንድ ጣት አይሞላም።»

ያ ማፕ ሌላ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ።

«አንድ ጣት መንገድ» አለች፣ «ለፋሲካ እንኳ መምጣት አቃተሽ?»