እንትፍ አልልም

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ባምባሲ አቅራቢያ ባለችው የሰፈራ መንደራችን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የልጅ ሁሉ ሩጫ ወደ እማማ ላቀች ጓሮ ነበር። እማማ ላቀች ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ከኛ ቤተሰብ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው በመጡ በዓመቱ በወባ የሞቱባቸው፣ ዘነቡ ከምትባል ልጃቸው ጋር በመንደሩ ጫፍ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ድስቱንና እንስራውን የሚተኩሱት በኩበትና በደረቅ ቀርከሃ ስለነበር፣ ያኔ ቀርከሃው እሳቱ ውስጥ ሲንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ እሳቸው ጭቃ የደረቀበት እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው ተረት ይነግሩን ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። አስፈሪው ቦታ ላይ ሲደርሱ እንዲያውም ዝቅ ያደርጉታል፤ እኛም ለመስማት እየተገፋፋን እንጠጋቸዋለን። እኔ የምቀመጠው ሁልጊዜ በቀኝ ጎናቸው ነበር። ሌላ ልጅ ቀድሞኝ ከተቀመጠ «የአስካለ ቦታ ነው» ብለው ያስነሱልኛል።

እናቴ እዚያ መሄዴን አትወድም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አትነግረኝም። መንደሩ ሁሉ ውሃ የሚቀዳው በሳቸው እንስራ፣ ወጥ የሚሠራው በሳቸው ድስት ነበር፤ ቤታቸው ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል የሚለው ወሬ ከወሎ ድረስ አብሮን ተጭኖ መጥቷል። በፊታቸው የሚናገረው አልነበረም። እኛ ልጆችም ቃሉን ብንሰማው ከሳቸው ጋር አላገናኘነውም።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ታመምኩ። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን መቃዠት ጀመርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ዓይኔን ገልጣ አየችና «ተበልታለች» አለች። አሮጌ ጨርቅና በርበሬ ፍም ላይ አደረጉ፤ ጋቢ አከናንበው ጭሱ ላይ አስጎነበሱኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። እትዬ ጥሩነሽ ማጅራቴን ይዛ ማን እንደበላኝ፣ ስሙን እንድጠራ ደጋግማ ትጠይቀኛለች። ስም ካልጠራሁ እንደማይለቁኝ በዚያ ትኩሳት ውስጥ እንኳ ገብቶኝ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ስም ደግሞ፣ በዚያ ዕድሜዬ ከእናቴ ቀጥሎ የምወደው ሰው ስም ነበር።

«እማማ ላቀች» አልኩ። ጋቢውን ገለጡልኝ።

ሽማግሌዎች አስጠሯቸው። ደጃችን ባለው ማንጎ ሥር ሰው ተሰበሰበ፤ እኔንም በቁርበት ላይ አስተኝተው አወጡኝ። የሆነውን ግማሹን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ግማሹን ካደግሁ በኋላ አባቴ ነግሮኝ ነው የማውቀው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩን ያለጠብ ለመጨረስ ፈልገው ነበር። በኛ ዘንድ የበላው ሰው እንትፍ ካለ የተበላው ይድናል ይባላል። ስለዚህ፣ ልጅቷ ላይ እንትፍ በይባት፣ ማንም አይነካሽም፣ ከዚያ ሁላችንም ወደየቤታችን እንግባ አሏቸው። የተጠየቁት ምራቅ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

እማማ ላቀች አጠገቤ ተንበርክከው ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱ። አንዲት ሴት እጃቸውን ገፋችው። ቀስ ብለው ተነሱና፣ ተረት እንደሚነግሩን ጊዜ ባለው ዝቅ ያለ ድምፅ ተናገሩ።

«እንትፍ አልልም። እንትፍ ካልኩ በላሁ ማለቴ ነው፤ ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ ለዘነቡ እንዲህ ያለ ስም አላወርሳትም። ደግሞ እንትፍ ብል፣ ዳነች ብላችሁ ታስተኟታላችሁ። ይቺን ልጅ የያዛት ባሌን የገደለው ወባ ነው። ባምባሲ ውሰዷት።»

ሰብሳቢው ለይስሙላ እንኳ እንዲሉት ለመኗቸው። እምቢታቸው ጥፋታቸውን ያረጋገጠ መሰለ፤ ልጅ እየሞተች ምራቋን የነፈገች አረመኔ ተባሉ። በዚያ ሁካታ መሐል፣ ከማሳችን አጠገብ የሚያርስ ሙሳ የሚባል፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነ የበርታ ሰው የአህያ ጋሪውን አቁሞ ተጠጋ። አየኝና «ይሄ ልጅ ወባ ነው። አሁን ይሂድ» አለ፤ በአማርኛው ወንድ አድርጎኝ። እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሰው አባቴ ከቁርበቱ ላይ አነሳኝና ጋሪው ላይ አስተኛኝ።

ባምባሲ ጤና ጣቢያ ደሜን አይተው ወባ ነው አሉ። አራት ቀን ተኛሁ። አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር ብላ ነርሷ አባቴን ተቆጣችው።

ስንመለስ የእማማ ላቀች ጓሮ በስብርባሪ ተሞልቶ ነበር። ሊተኮስ የተደረደረውን እንስራ ሁሉ በድንጋይ አድቅቀውታል። መንደሩን ለቀው እንዲወጡም ተነግሯቸዋል፤ ጤና ጣቢያው ወባ ነው ማለቱ ይህን አልለወጠውም። ከማስወጣታቸው በፊት ግን የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ነገሩ ስለከበዳቸው መሰለኝ ቤታችን መጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«አስካለ፣ አሁን ደህና ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ላቀች ናት?»

እናቴ ትከሻዬን ይዛለች። እትዬ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማለች። አይደሉም ብል መልሰው ጭሱ ላይ የሚያስጎነብሱኝ መሰለኝ፤ ውሸታም መባልንም ፈራሁ። «አዎ» አልኩ። ያኔ ትኩሳት አልነበረኝም።

በማግስቱ ጧት ዘነቡ ዕቃቸውን በጀርባዋ አዝላ፣ እማማ ላቀች ከኋላዋ ሆነው በደጃችን አለፉ። እኔ አጥሩ ሥር ነበርኩ። ቆም አሉና «ተሻለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «ተመስገን» አሉና በአሶሳ መንገድ ሄዱ።

ዓመታት አልፈው አሶሳ ኮሌጅ ስገባ፣ ተማሪዎች አንድ የውጭ አገር ተውኔት ተርጉመው ሲያሳዩ ተመለከትኩ። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ሃይማኖት እጅግ በሚጠብቅባት የባሕር ማዶ ከተማ፣ ልጃገረዶች ጣታቸውን እየቀሰሩ ጎረቤቶቻቸውን ጠንቋይ ናቸው ይላሉ፤ አዎ ነኝ ያለ ይተርፋል፣ አይደለሁም ያለ ይሰቀላል። ሲያልቅ መምህራችን አንድ ጥያቄ አቀረበልን፤ ሰው ስለ ሰው የሚያወራውና ሰውየው በእርግጥ የሆነው ነገር ሲለያዩ ለየትኛው መሞት ይገባል የሚል ነበር። ጓደኞቼ ስለ ተሰቀሉት ተከራከሩ። ስለ ልጃገረዶቹ ያነሳ አልነበረም። እኔ ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ የማየው እነሱን ብቻ ነበር። አድገው፣ አግብተው፣ ገበያ ወጥተው እንዴት ኖሩ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

እያጠያየቅሁ ዘነቡን ከአሶሳ ወዲያ ባለችው መንጌ አገኘኋት። አግብታለች፣ ልጆች ወልዳለች። እናቷ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁሉን ነገርኳት፤ የትኩሳቱንም፣ ከዳንኩ በኋላ ያልኩትንም «አዎ»። አልተቆጣችም። ልጆቿ እንዳይሰሙ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እዚህ ማንም አያውቅም» አለችኝ። «እዚህ ይቅርታ ብትጠይቂ ወሬውን ነው የምታመጪብኝ። እዚያ የተናገርሽውን እዚያው ሄደሽ መልሺው።»

ሄድኩ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሞተው ነበር። በበዓል ቀን ጎረቤት ሁሉ ቤታችን በተሰበሰበበት ተነስቼ፣ እማማ ላቀች አልበሉኝም፣ ወባ ነበር፣ ኋላም አዎ ያልኩት ፈርቼ ነው አልኩ። እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ያረጀችው እትዬ ጥሩነሽ ተነስታ መጣችና ፀጉሬን ዳበሰችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ የነበረው እውነተኛ ኀዘኔታ ነው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

«ላቀች እስከ ዛሬ አልለቀቀቻትም» አለቻት።

ሌሎቹም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ተነስቼ ወጣሁ። አባቴ ተከተለኝና ማንጎው ሥር ደረሰብኝ። «እኔ ያን ቀንም አውቅ ነበር» አለኝ። «ጋሪው ላይ ያስተኛሁሽ የሷን ቃል አምኜ ነው።»

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እኔም ያንን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ አባቴም የለም። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ፣ አንዲት ሴት መንደር ሙሉ ተሰብስቦባት ለራሷ ስምና ለእኔ ነፍስ ስትቆም፣ እውነቱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች አንገታችንን ደፍተን መቅረታችን ነው።