ተቀባይ ያጣች አውጪ

ዛሬ በማለዳ ልጄ ትርሲት ከወንዝ ዳር ያጨደችውን አሸንድዬ ታቅፋ መጥታ ሳሎኑ መሀል ዘረገፈችው፤ ጤዛው ያልደረቀ የለምለም ሣር ሽታ ቤቱን ሞላውና እኔ፣ የዶሮ ወጥ የማማስለው ትልቅ ሴትዮ፣ ማማሰሌን ረሳሁት። ትርሲት ዘንድሮ ነው ትምህርት ቤት የቀየረችው። ከማን ጋር እንደምትጨፍር ልጠይቃት አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። አዲሱ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ አለው፣ ልጆቹን ያቀራርባል አሉ፤ እናት ግን «አሉ» በሚባል ነገር እንቅልፍ አይወስዳትም።

እኔ አምስተኛ ክፍል ልማር ከገጠር፣ ከብልባላ፣ ላሊበላ ከተማ አክስቴ ዘንድ ስመጣ ይዤ የመጣሁት አንድ ቀሚስና አንድ ድምፅ ነበር፤ ጉድ ያፈላውም ድምፄ ነው። ሰልፍ ላይ መዝሙር ሳወጣ ርእሰ መምህሩ ሳይቀሩ ፈገግ ሲሉ፣ እስከዚያን ቀን ድረስ የክፍሉ ዘፈን አውጪ የነበረችው ዙፋን ከንፈሯን ጠመም አደረገች፤ በቃ፣ ተፈረደብኝ። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልሰደበኝም፤ ዱላማ ምን አለበት፣ ቁስሉ ይሽራል። ስቀመጥ ዴስኩ ላይ ያሉት ጠጋ ጠጋ ብለው ዳር ይይዛሉ፣ ስቀርብ ወሬው ይቆማል፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት የኔ ተራ ሲደርስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ውሃ ይጠማቸዋል። ያናገረችኝ እሷም ትኮረፋለች፣ ሕጉ ይኸው ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ ከሴቶች ልጆች ጋር አምስተኛ ክፍል አልተማረም።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ነሐሴ ነበር። ፍልሰታ ተፈትቶ አሸንድዬ ሲመጣ ልጃገረዶች ሣሩን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በቡድን ከቤት ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ እኛ ደግሞ ቡድን የምንለየው ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ነው። ቡድን የሌላት በር ላይ ቆማ ታያለች። አክስቴ፣ ምስኪን፣ ጥልፍ ቀሚስ አሰፍታልኝ «የኔ ዓለም፣ ዘንድሮማ የምታወጪላቸው አንቺ ነሽ!» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? ያንን ቀሚስ ላለማየት አጣጥፌ ሣጥን ሥር ሸጎጥኩት።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የአማርኛ አስተማሪያችን መምህርት ስንዱ፣ አጠር ያሉ፣ ቆጣ የሚሉ፣ ጠመኔ ጆሯቸው ላይ የሚሰኩ ሴት፣ ዓርብ ዓርብ የሴቶች ክበብ ጀመሩ። ምክር መጣ ብለን ስናዛጋ ከበሮ ይዘው ገቡ።

«ተራ በተራ እየወጣችሁ ታወጣላችሁ፤ ‹ተቀበሉ› እስክል ድረስ ግን አንዲት አፍ ብትከፈት ወዮላችሁ!»

የመጀመሪያዋ ልጅ አወጣች፤ ዝም ስንላት ሳቀች፣ ደገመችው፣ ከዚያ ሳቋ ጠፋና መሬት መሬት ታይ ጀመር። ምን እንደተሰማት ሲጠይቋት «አፈርኩ፣ ቲቸር፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አላውቅም» አለች። ወደ እኔ ያየ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

የዙፋን ተራ ደረሰ። አንገቷን ቀና አድርጋ አወጣች፤ ዝም። ደግማ አወጣች፤ ዝም። እንደገና ስትሞክር ድምጿ ተሰነጠቀ። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያ ላይማ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ግን አውጪ አውጥታ ተቀባይ ሲጠፋ፣ እጅ ተዘርግቶ ሳይጨበጥ እንደ መቅረት ነው፤ እኔ ይህን አልችልም። መምህርት ሳያዝዙ ከኋላ ዴስክ ብቻዬን ተቀበልኩላት። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ አንዷ ተከተለች፣ ሌላዋ ጨመረች፣ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪንጫጫ ክፍሉ በሙሉ ተቀበለ። መምህርት ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው፣ መልሰው ጭብጨባውን ያዙ።

ዙፋን ይቅርታ አላለችኝም። ነሐሴ ላይ ግን ሣሩን ወገቤ ላይ ያሰረችልኝ እሷ ናት፤ «ተይ፣ እንዳይፈታብሽ!» እያለች፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ አጥብቃ። እኔ ሳወጣ እሷ ስትቀበል፣ እሷ ስታወጣ እኔ ስቀበል አክስቴ ደጃፍ ደረስን፤ እልልታዋ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ያ ሁሉ የት ሄደ? መምህርት ስንዱ ተዛውረው በዚያው ቀሩ፤ አክስቴ አረፈች፤ ዙፋን ደሴ አግብታ የምትደውለው ለዓመት በዓል ብቻ ነው። ድምፄም ልጅ በመጥራት አለቀ። ወገቤንስ ተዉት፣ የዛሬው ሣር ሁሉ ቢቋጠር አይዞረውም። ያልሄደው ያ ፍርሃት ነው፤ የኔን ትቶ የልጄን ይዞ ተቀምጧል።

ትርሲት ለብሳ፣ ሣሯን አስራ፣ «እማ፣ ሄድኩ!» ብላ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ውጪ ከበሮ ተመታ፤ የልጄ ድምፅ ብቻውን ከፍ አለ። ማማሰያውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

ተቀበሏት።

እፎይ! ወጡ ከሥሩ አርሯል፤ ይረር!