ለግራ እጄ ጓንት ፍለጋ ወደ ሰቆጣ

ከአዲስ አበባ ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ የማይሆነኝ ጃኬት ነበረ። ፌንሲንግ፣ ያ በቀጭን ሰይፍ የሚደረገው የሻሞላ ስፖርት፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የጀመርኩት ነው፤ የመጀመሪያ ውድድሬ ደርሷል። እኔ ግን ግራኝ ነኝ። የክለባችን ጃኬቶች በሙሉ ለቀኝ እጅ ተሰፍተው በግራ ጎን ይከፈታሉ፤ እኔ ደግሞ ወደ ተጋጣሚዬ የማዞረው ግራ ጎኔን ነው። የሰይፉ ጫፍ በክፍቱ ሊገባ ይችላል። ጓንትም የሚደረገው ሰይፍ በያዘው እጅ ብቻ ሲሆን፣ የነበሩን ሁሉ የቀኝ ናቸው።

«ወይ በቀኝሽ ተጫወቺ፣ ወይ የሚሆንሽን አምጪ፤ እንዲህ ሆነሽ አላስገባሽም» አለኝ አሰልጣኛችን።

ሁለት ልብስ ሰፊዎች «ይሄ መርፌ ይሰብራል» ብለው መለሱኝ። የቀሩኝ ሰቆጣ ያሉት አክስቴ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ሸራና የአህያ ጭነት መደላድል የሚሰፉበት ጠንካራ መኪና አላቸው። ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ያስፈራኝ መንገዱ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ማዕድ ላይ ግራ እጄን በነጠላ ጥለት ከወገቤ ጋር እያሰሩ ቀኜን አስለምደውኛል፤ ግራዬን የተውኩት ይመስላቸዋል።

ከኮረም ወዲያ

ወልድያ አድሬ፣ ከአላማጣ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት አውቶቡሱ እያቃሰተ አወጣን። ኮረም ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሽሮ በልቼ አንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የደሃና ወረዳ እናት ቆሎ ዘገኑልኝ።

«የአገራችን ገብስ ነው፤ ብዪ። ምንድነው እንዲህ ያቀፍሽው?»

«ጃኬት ነው፣ እናቴ።»

«ለባልሽ?»

«ለራሴ ነው።»

«ታዲያ አትለብሺውም? በብርድ እየተንቀጠቀጥሽ!»

ሾፌሩ ሳቀ፤ እኔም ከአዲስ አበባ ከተነሳሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል። የተራቆቱት ሸንተረሮች ላይ ፍየሎች ግራር ይቀነጥባሉ። ሰቆጣ የደረስነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው።

እትዬ ዘንድ

ስለ ሰይፍ ውድድሩ ማታውን ነግሬአቸው ነበርና፣ በማግስቱ እትዬ ጃኬቱን ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ጎረቤታችን አያ ወልዱ ጠላቸውን ይዘው ያዩናል።

«ከማን ጋር ነው የምትዋጊው?»

«ከሴቶች ጋር ነው፣ አያ። ነጥብ ለማግኘት ነው እንጂ ሰይፉ አይወጋም።»

«ካልወጋማ ምኑን ሰይፍ ሆነ! ጭራሮ በይው!»

እትዬ የለፋ የፍየል ቆዳ ዘረጉና ቀኝ እጄን ስበው ቆዳው ላይ አስቀመጡት። ከሰል አንስተው አውራ ጣቴን መክበብ ሲጀምሩ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ጓንቱ ለግራዬ ነው።»

ከሰሉ ቆመ።

«አልተውሽም?»

«ስበላ በቀኜ ነው። ሰይፍ ግን በቀኜ እሺ አይለኝም።»

«ያን ሁሉ ዓመት ያሰርኩት ከንቱ!» አሉ። አያ ወልዱ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያምሽ ነበር?» አሉኝ።

«ጥለቱ ይጠብቅ ነበር።»

ቆዳውን ከሰል ወዳልነካው ወገን ገለበጡት።

«በይ ግራሽን አምጪ። ጣቶችሽን ዘርጊ።»

ቀኑን ሙሉ ሰፉ። የጃኬቱን ግራ ጎን በድርብ ጨርቅ ደፈኑት፤ ቀኙን ቀደው መክፈቻ አወጡለት። ሰይፉ በእጅጌዬ ሽቅብ እንዳይገባ፣ የጓንቱን አፍ እስከ ክንዴ አጋማሽ አስረዘሙልኝ፤ የቆዳ ማሰሪያም አበጁለት። ሳጠልቀው ማሰሪያውን ራሳቸው ቋጠሩ።

«ጠበቀ?»

«አልጠበቀም።»

«እንደ ድሮው ዝም እንዳትይኝ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ትንሽ ጠብቋል።»

ማሰሪያውን ላላ አደረጉልኝ። ስሰናበታቸው ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እሳቸው ደግሞ ሁለቱንም እጆቼን ሳሙ።

አዲስ አበባ

አሰልጣኙ ስፌቱን በሁለት እጁ ጎትቶ፣ ጎትቶ፣ «ግቢ» አለኝ። ከእንግዲህ ዕቃ ስመርጥ ቀድሜ የማየው አዲስነቱን ሳይሆን፣ በየት በኩል እንደሚከፈትና ለየትኛው እጅ እንደተሠራ ነው። የሚሆነኝን ለማግኘትም፣ አፍሬም ቢሆን፣ ማን እንደሆንኩ አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

በውድድሩ ዕለት የጓንቴን ማሰሪያ በቀኝ እጄ ብቻ ቋጠርኩት። አጠገቤ የነበረችው ተወዳዳሪ ተገረመች።

«ግራኝ አይደለሽ እንዴ? ቀኝሽን እንዲህ ማን አቀለጠፈልሽ?»

«አክስቴ» አልኳት።