በየጧቱ የምጠቀልለው ቁርበት

ወታደሮቹ ልጄን ፍለጋ ቤቴ ሲገቡ ያን ያህል አልደነገጥሁም። የፈራሁት አንዱ ጎንበስ ብሎ መሬት የተነጠፈውን ቁርበት በመዳፉ ሲዳብስ ነው። ልጄ ከላዩ ተነስቶ በጓሮ በኩል ወደ ጣራ ገዳም ጫካ የሄደው ገና አሁን ነበር። ቁርበቱን መጠቅለል ረስቻለሁ።

«ይሞቃል» አለ ወታደሩ።

ያን ጊዜ እንደነቃብኝ አወቅሁ።

ደብረ ታቦር ወስደው የእህል መጋዘን ከነበረ ቤት፣ ከሴቶቹ ጋር አስገቡኝ። አዲስ የገባች በሩ ሥር ትተኛለች፤ ብርዱ በስንጥቁ ይገባል። የቆየች ሞቅ ያለውን የውስጥ ግድግዳ ትይዛለች። ጎረቤቴ የላከችልኝን ቁርበት ማታ እዘረጋለሁ፤ ጧት ጠቅልዬ በገመድ አስራለሁ።

አጠገቤ የምትተኛው እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ልጅ እግር ናት፤ ታስላለች።

«እትየ፣ በየጧቱ ጠቅልለው ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«እንግዳ ሲነጋ ይጠቀልላል። የሰው ቤት ነዋ።»

ሳቀች። ፈረንጆችም አኗኗርን በስም ይለያሉ አለችኝ፤ በእንግድነት ለሚቆዩበት «ስቴይ»፣ ቤቴ ብለው ለሚኖሩበት «ሊቭ»፣ በወረቀት ለሚጻፈው ደግሞ «ሪዛይድ»።

«የኋለኛውን ተይው፣ የቀበሌ ነው» አልኋት። «እኛስ አዳሪ፣ ሰንባች፣ ከራሚ፣ ነዋሪ እንል የለ? ለእስረኛ የቱን ይላሉ?»

«የፊተኛውን፣ የእንግዳውን ይያዙ» አለችኝ።

ክረምቱ ሲጋመስ አንዲት ሴት ተፈታች፤ ግድግዳው ሥር ቦታ ተገኘ። የክፍሉ አለቃ፣ እሷም እስረኛ ናት፣ «ተራው ያንቺ ነው። እንግዲህ የቤቱ ሰው ሆነሻል» አለችኝ።

የዚያኑ ቀን መርማሪው ጠራኝ።

«ልጅሽ ያለበትን ተናገሪና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

ደክሞኝ ነበር። የጫካው ስም አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥሁት።

«አላውቅም» አልሁ።

«እንግዲያው እዚሁ ኑሪ።»

ስመለስ የአስተማሪዋን ብርድ ልብስ አንስቼ ግድግዳው ሥር አነጠፍሁላት።

«እትየ፣ ተራው የእርስዎ ነው እኮ።»

«አንቺ ታስያለሽ። እኔ እንግዳ ነኝ፤ በሩ ይቀርበኛል።»

ማታ በሩ ሥር ዘረጋሁ። ጧት ጠቀለልሁ።

መስከረም ሲጠባ ለቀቁኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አስተማሪዋ እዚያው ቀረች። የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሳል በሰማሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

ቤቴ ስገባ የልጄ ቁርበት እንደተዘረጋ አቧራ ለብሶ ቆየኝ። አራገፍሁና መልሼ እዚያው አነጠፍሁት። ከዓመታት በኋላ ልጄ ራሱ መጥቶ ተኛበት።

አሁን አርጅቻለሁ። የእኔን ቁርበት ጧት አልጠቀልለውም። ቤቴ ነኝ፤ ደህና ነኝ።